ሮክን አማርኛ ያስተማረው ድምፃዊ፦ አለማየሁ እሸቴ

  የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን የአንድ ድምፃዊን የሥራ ሕይወት ከጅምሩ እስከ ፍጻሜው ይከተላል። ድምፃዊው አለማየሁ እሸቴ ነው።

ለምን እሱን መረጥን? በአቃቂ፣ በቃሊቲ፣ በቱሉ ዲምቱና በቂሊንጦ ኮንዶሚኒየሞች ጊታር ተሸክመው የሚሄዱ ወጣቶች አሉ። የውጭ ሮክ ይወዳሉ፤ ሶሎውን ከስልክ እየሰሙ ነጥብ በነጥብ ያጠናሉ። ከዚያ አንድ ቀን ጥያቄው ይመጣባቸዋል፦ የሰው አገር ሙዚቃ እየወደድኩ የራሴን እንዴት ልሥራ? አለማየሁ እሸቴ ይህንን ጥያቄ የዛሬ ስድሳ ዓመት ገደማ በመድረክ ላይ ቆሞ መልሶታል። ስለዚህ ታሪኩ ትዝታ ብቻ አይደለም፤ ትምህርት ቤት ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ላሳስብ። በሸክላዎቹና በሲዲዎቹ ላይ የሰፈረው ዘመን የፈረንጆች አቆጣጠር ስለሆነ፣ ዓመተ ምሕረቱን ስጠራ በዚያው አቆጣጠር ነው። በእኛ ስቆጥር ለይቼ እናገራለሁ።

(መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

ከራሳችን ሰፈር እንነሣ። ብዙ ሰው አቃቂን የሚያውቀው በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ በመለዋወጫ ፋብሪካው፣ በባቡር ጣቢያውና በወንዙ ነው። ነገር ግን ኢትዮጵያ ከዓለም ጋር በሬዲዮ ሞገድ የተነጋገረችው ከዚሁ ከአቃቂ ነበር። ትልቁ የሬዲዮ ማሠራጫ ጣቢያ በ1935 አቃቂ ላይ ተመረቀ። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ፣ የጣሊያን ጦር ሊወር ድንበር ላይ በተሰለፈበት ሰዓት፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለአሜሪካ ሕዝብ ንግግር ያደረጉት በዚሁ ጣቢያ አማካይነት ነው። ድምፃችን ከአቃቂ ሜዳ ተነሥቶ ውቅያኖስ ተሻገረ ማለት ነው።

ሞገድ ደግሞ ይሄዳል እንጂ አይመለስም የሚል ሕግ የለውም። ከነፃነት በኋላ ባሉት ዓመታት ከዚያ ማዶ የሚመጣው ድምፅ ወደ እኛ ይገባ ጀመር። አሥመራ ላይ ቃኘው ጣቢያ የሚባለው የአሜሪካ ጦር ሠፈር የራሱ ሬዲዮ ነበረው፤ ሮክ ኤንድ ሮል፣ ሪትም ኤንድ ብሉዝ፣ ኋላም ሶል ያሰማል። አዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች የአሜሪካ ፊልም ያሳያሉ። ከ1962 ጀምሮ የመጡት የሰላም ጓድ አስተማሪዎችም ከመጻሕፍታቸው ጋር ሸክላቸውን ይዘው ነው የገቡት። የእኛ ወጣት አሜሪካዊውን ድምፃዊ ኤልቪስ ፕሪስሊን ያየው በስክሪን፣ የሰማው በሬዲዮና በሸክላ ነው።

አለማየሁ የዚህ ትውልድ ልጅ ነው። የተወለደው በ1941፣ ጣሊያን ተባርሮ አገር ነፃ በወጣበት ዓመት ነው። ትምህርት ቤት እያለ የአሜሪካ ዘፈን ይዘፍናል፤ ፀጉሩን እንደ ኤልቪስ ያበጥራል፤ አለባበሱም እንደዚያው። ልቡ ሆሊዉድ ነው። ራሱ ደጋግሞ እንዳወጋው በልጅነቱ ከቤት ጠፍቶ መርከብ ተሳፍሮ አሜሪካ ሊሄድ ምጽዋ ድረስ ተጉዟል። ቀይ ባሕርን አየ፤ ከዚያ ግን ወደ ቤቱ ተመለሰ። አንድ የአዲስ አበባ ልጅ በዚያ ዘመን መንገድ እስከ ምጽዋ ድረስ የሄደው ለንግድ ወይም ለትምህርት ብሎ አልነበረም። ለዘፈን ነው። ዘፋኝነት «አዝማሪ» ተብሎ በሚናቅበት፣ ወላጅ ልጁ ዘፋኝ እንዳይሆን በሚሳልበት ዘመን ነው ይህን ያደረገው። ይህ ድፍረት ሕይወቱን ሙሉ አልተለየውም።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ በፖሊስ ኦርኬስትራ ተቀጠረ። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል፤ የዛሬ ወጣት ድምፃዊ የዚያን ጊዜውን አሠራር ካላወቀ የቀረው ታሪክ አይገባውም።

በዚያ ዘመን ባንድ አቋቁሞ፣ ስቱዲዮ ተከራይቶ፣ ሥራውን ራሱ አውጥቶ መሸጥ የሚባል ነገር አልነበረም። ዘመናዊ መሣሪያ፣ ማለትም ሳክስፎኑ፣ ትራምፔቱ፣ ፒያኖው፣ ጊታሩ፣ በመንግሥት እጅ ነው። ክብር ዘበኛ የራሱ ኦርኬስትራ አለው፤ ጦር ሠራዊት አለው፤ ፖሊስ አለው፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርም አለው። ሀገር ፍቅር ማኅበርም ከሁሉ ቀድሞ የተቋቋመ ቤት ነው። ድምፃዊው ደመወዝተኛ ነው፤ የደንብ ልብስ ይለብሳል፤ መቼ እንደሚዘፍንና የት እንደሚዘፍን የሚወስነው አለቃው ነው። ጥላሁን ገሠሠ ከክብር ዘበኛ፣ አለማየሁ ከፖሊስ የወጡት በዚህ ሥርዓት ውስጥ ነው።

ሥርዓቱ ጥብቅ ነበር፤ ግን ሙያ አስተማረ። ኖታ ማንበብ፣ በሰዓት መገኘት፣ ከሃያ በላይ ሙዚቀኛ ባለበት ኦርኬስትራ ፊት ቆሞ ድምፅን መቆጣጠር፣ የነሐስ መሣሪያዎቹ ሲመልሱ ቦታ መልቀቅ፣ ሲያበቁ መግባት። ዛሬ የአለማየሁን የሸክላ ዘፈኖች ስትሰሙ ከነሐሶቹ ጋር የሚነጋገርበት መንገድ ከየት መጣ ካላችሁ፣ ከዚያ ነው የመጣው። በቤት ውስጥ በኮምፒውተር የምትሠሩ ወጣቶች ይህን የምታገኙት ከሰዎች ጋር ቁጭ ብላችሁ ስትለማመዱ ብቻ ነው።

እንግዲህ ወሳኙ ነጥብ ጋ ደረስን። አለማየሁ መጀመሪያ ላይ መድረክ ላይ የሚዘፍነው የኤልቪስን እንግሊዝኛ ነበር። ሰው ይወድለታል፣ ያጨበጭብለታል። ኋላ ዘመኑን ሲያስታውስ ግን አንድ ነገር አጥብቆ ይናገር ነበር፤ ዝናው ከፍ ያለው የአማርኛ ዘፈን መዝፈን ከጀመረ በኋላ ነው። እንደ አሜሪካዊ ለብሶ፣ እንደ አሜሪካዊ አበጥሮ፣ እንደ አሜሪካዊ ሲዘፍን ያገኘው ጭብጨባ ነው። በአማርኛ ሲዘፍን ያገኘው ሕዝብ ነው።

ለምን ይመስላችኋል? ቋንቋው ስለሚገባቸው ብቻ ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። እኔ ግን ሌላም ምክንያት ያለ ይመስለኛል፤ ይህን ለማየት ትንሽ የሙዚቃ ትምህርት እንውሰድ። እጃችሁ ነፃ የሆነ አብራችሁኝ አጨብጭቡ።

(ባዶ የከበሮ ምት)

የሮክ ምት አራት ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ብላችሁ ቁጠሩ፤ ሁለትና አራት ላይ አጨብጭቡ። ድራመሩ ስኔር የሚመታው እዚያ ላይ ነው። አሁን ደግሞ የእኛን ችክችካ እንውሰድ። እስከ ስድስት ቁጠሩ፤ አንድና አራት ላይ ጠበቅ አድርጋችሁ ምቱ። አንድ ሁለት ሦስት፣ አራት አምስት ስድስት። ትከሻ የሚነቃነቀው በዚህኛው ነው። ሁለቱ ምቶች የተለያዩ ናቸው፤ አንዱን ከአንዱ ጋር ማጣበቅ ቀላል አይደለም። ግን አንድ አማርኛ ዓረፍተ ነገር በአራቱ ምት ላይ ሲዘፈን ቃላቱ ራሳቸው ምቱን ይገፉታል። ጠብቆና ላልቶ የሚነበብ ፊደል ያለው ቋንቋ ነው አማርኛ፤ የጠበቀው ፊደል ድምፁን ይይዘዋል፣ የላላው ይለቀዋል። ከዚያ የተነሣ ምቱ የአሜሪካ ቢሆንም አረማመዱ የእኛ ይሆናል።

ወደ ቅኝት እንሂድ። ትዝታ ሜጀር የምንለው ቅኝት ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። አምስት ድምፅ። ጊታር የምትጫወቱ ልብ በሉ፤ የአሜሪካ የካንትሪና የሮክ ጊታሪስቶች «ሜጀር ፔንታቶኒክ» ብለው የሚጫወቱት ከዚህ ጋር አንድ ነው። ማለትም ከጣታችሁ ሥር ያለው ድምፅ ከክራሩ ጋር ቀድሞም ዘመድ ነበር። አንቺሆዬ ግን ሌላ ነው። በውስጡ ያለው ውጥረት በሮክ ብዙም አይገኝም፤ ስትጫወቱት የውጭ አድማጭ ጆሮውን ቀጥ ያደርጋል። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በአዲስ አበባ የተሠራው ሙዚቃ ዓለምን ያስደነቀው በዚህ ነው። የሶልና የሮክ ከበሮ፣ የቤዝ ጊታር፣ የነሐስ መሣሪያ፣ በላዩ ላይ ደግሞ የእኛ ቅኝትና የእኛ ግጥም። አለማየሁ ምን አደረገ ብትሉኝ፣ የተመሳሰለውን ቦታ በጆሮው አገኘና በዚያ በኩል ገባ።

(መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

ቀጥሎ የማወራው ስለ ሸክላ ነው። እዚህ ላይ ረዘም እላለሁ፤ የአለማየሁ የሥራ ሕይወት ያለ ሸክላ አይነገርም።

በ1948 የወጣ ንጉሣዊ ድንጋጌ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብትን ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሰጥቶ ነበር። ማኅበሩ ግን በተሰጠው መብት የዘመኑን አዲስ ዘፈን አላሳተመም። ከተማው በሙሉ በየምሽት ክበቡ አዲስ ሙዚቃ ይጨፍራል፤ ያ ሙዚቃ ግን በሸክላ የለም። ሰምቶ ቤቱ ይዞት ሊሄድ የሚፈልግ ሰው የሚገዛው ነገር የለም።

አምሃ እሸቴ የሚባል ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ ወጣት ይህን አየ። ብዙ ሰው ወንድማማቾች ይመስሉታል፤ አምሃና አለማየሁ የአባታቸው ስም ገጠመ እንጂ ዝምድና የላቸውም። አምሃ የሸክላ ሱቅ ነበረው። የውጭውን ሸክላ እየሸጠ ሰው የሚጠይቀው የአገሩን ዘፈን እንደሆነ ያውቃል። በ1969 ድንጋጌውን ወደ ጎን አድርጎ አምሃ ሪከርድስን አቋቋመ። የመጀመሪያውን ሸክላ እንዲዘፍንለት የጠራው አለማየሁ እሸቴን ነው። በአንደኛው ገጽ «ትማርኪያለሽ»፣ በሌላው «ያ ታራ»። አገር ቤት ማተሚያ ስላልነበረ ሸክላው የታተመው ህንድ አገር ነው።

እስቲ ያን ሸክላ በዓይነ ሕሊናችሁ ያዙት። ከእጅ መዳፍ የሚበልጥ፣ ሰባት ኢንች ስፋት ያለው ጥቁር ክብ ነገር ነው። በደቂቃ አርባ አምስት ጊዜ ይሽከረከራል። መሐሉ ላይ ስያሜው ተለጥፏል፤ የዘፋኙ ስም፣ የዘፈኑ ርዕስ፣ የአሳታሚው ምልክት። በእያንዳንዱ ገጽ አንድ ዘፈን ብቻ ነው የሚገባው፤ እሱም ሦስት ወይም አራት ደቂቃ ግድም። ምሽት ክበብ ውስጥ ሰው እስኪደክመው የሚያስጨፍር ዘፈን ለሸክላ ሲሆን መታጠር አለበት። መግቢያው አጭር፣ አዝማቹ ቶሎ የሚመጣ፣ ሳክስፎኑ የሚመልስበት ቦታ የተቆጠረ፣ መጨረሻው ግልጽ። የዘፈን አጻጻፍን የለወጠው ይህ የቦታ ጥበት ነው። ወጣት የዘፈን ደራሲዎች፣ ዘፈናችሁ ረዘመ ስትባሉ ይህን አስታውሱ፤ የዚያን ዘመን ምርጥ ሥራዎች አብዛኞቹ ከአራት ደቂቃ ብዙም አልዘለቁም።

አምሃ ራሱ እንደተናገረው ያ ሸክላ ከሱቁ በር ላይ በድምፅ ማጉያ ሲለቀቅ አላፊ አግዳሚው ቆሞ ይጨፍር ነበር። ከዚያ በኋላ በሩ ተከፈተ። ሌሎች አሳታሚዎች ገቡ፤ ፊሊፕስ መጣ፤ አሊ አብደላ ኬይፋም የራሱን ኬይፋ ሪከርድስ አቋቋመ። ከ1969 እስከ 1978 ባሉት ዓመታት ወደ አምስት መቶ የሚጠጉ ባለ አርባ አምስት ሸክላዎችና ሠላሳ ያህል ሎንግ ፕሌይ አልበሞች እንደታተሙ ይገመታል። ይህ ሁሉ የተሠራው አሥር ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ነው። የጀመረውም አንድ ነጋዴ ድንጋጌ ጥሶ አንድ ድምፃዊ ደግሞ እሺ ብሎ ማይክሮፎን ፊት ስለቆመ ነው። አለማየሁ የመንግሥት ኦርኬስትራን ስምና ደመወዝ የሚያውቅ ሰው ነበር፤ ነገሩ ቢበላሽ የሚጎዳው እሱም ጭምር ነው። ይህ ድፍረት በቂ ክብር የተሰጠው አይመስለኝም።

ከሸክላው ዘመን ሌላ ስም መነሣት አለበት፤ ግርማ በየነ። ፒያኖ ተጫዋች፣ አቀናባሪ፣ የግጥምና ዜማ ደራሲ። አለማየሁና ግርማ በስማቸው «አለም ግርማ ባንድ» የተባለውን ባንድ አቋቋሙ። የፖሊስ ኦርኬስትራው አለማየሁ አሁን የባንድ ባለቤት ሆነ። ግርማ በድምፁ የቀረጻቸው ዘፈኖች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ያቀናበረው ግን ብዙ ነው። ቅንብር ማለት ድምፃዊው ምን ላይ እንደሚቆም የሚወስን ሥራ ነው፦ ኦርጋኑ መቼ ይግባ፣ ነሐሶቹ ስንት ጊዜ ይመልሱ፣ ከበሮው የት ላይ ዝም ይበል። የአለማየሁ ድምፅ ሲጮህ ቦታ ያገኘው፣ ሲያንሾካሹክ የተሰማው ግርማን የመሰሉ ሰዎች ስፍራውን ስላመቻቹለት ነው። ድምፃዊ ብቻውን አይሠራም።

(መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

አለማየሁ በሸክላው ዘመን ሠላሳ ያህል ሸክላዎች አውጥቷል። «አዲስ አበባ ቤቴ»፣ «ትላንትና ዛሬ»፣ «ጭሮ አዳሪ ነኝ»፣ «የወይን ሐረጊቱ»። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ግጥምና ዜማቸው የራሱ ነው። አንድ ዘፈኑን ግን ለዚህ ሰፈር ስል ለይቼ አነሣለሁ፤ «ተማር ልጄ»።

የሚያወርሰው ሀብት የሌለው አባት ልጁን ይመክራል። ሐሳቡ ይኸው ነው። ምክር በአገራችን በሽማግሌ አንደበት፣ በረጋ ድምፅ ነው የሚነገረው። አለማየሁ ያንን የሽማግሌ ምክር ወስዶ በዘመኑ የወጣት ምት ላይ አስቀመጠው። ይህን ልብ በሉልኝ። ሮክና ሶል በብዙ አገር ልጅ በአባቱ ላይ የሚያምፅበት ሙዚቃ ተደርጎ ይታይ ነበር። እዚህ ግን አባት በዚያው ሙዚቃ ልጁን ሲያነጋግር ይሰማል፤ ልጁም ይጨፍርበታል። ከአንድ ዘፈን ሁለት ትውልድ ሲወስድ ማየት ቀላል ነገር አይደለም። በአቃቂ የፋብሪካ ሠራተኛ ቤት ውስጥ፣ አባት በሌሊት ፈረቃ ጉልበቱን እየከፈለ ልጁን ትምህርት ቤት በሚልክበት ቤት፣ ይህ ዘፈን ማብራሪያ አይሻም።

ስትሰሙት እንዲህ ስሙት። መጀመሪያ ቃላቱን ተዉና ቤዝ ጊታሩን ብቻ ተከተሉ። ሁለተኛ ጊዜ ነሐሶቹን። ሦስተኛ ጊዜ ድምፁን፤ የሚያወራው የት ላይ እንደሆነ፣ የሚዘፍነው የት ላይ እንደሆነ ለዩ። ንግግርና ዜማ በሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው የአለማየሁ ጥበብ ያለው። አሜሪካዊው የሶል ድምፃዊ ጄምስ ብራውንም ይህን ያደርግ ነበር። አለማየሁ ግን የሚያወራው እንደ አገሩ አባት ነው።

ለዚህም ነው «የኢትዮጵያ ኤልቪስ» ወይም «የሐበሻው ጄምስ ብራውን» የሚለው የውጭ ጋዜጦች ስያሜ የማይዋጥልኝ። ስያሜው በፍቅር የተሰጠ ነው፤ ራሱም አልተቆጣበትም። ግን የሚያሳየው የመነሻውን ዓመታት ብቻ ነው። ኤልቪስ አብዛኞቹን ዘፈኖቹን ራሱ አልጻፈም፤ አንድ ታላቅ የሸክላ ኩባንያ ከጀርባው ቆሞለት ነው የዘፈነው። አለማየሁ ኩባንያ በሌለበት አገር የመጀመሪያውን ነፃ ሸክላ የዘፈነ፣ የራሱን ባንድ ያቋቋመ፣ የራሱንም ዘፈን የደረሰ ሰው ነው። በሌላ ሰው ስም የሚጠራበት ምክንያት የለም።

ከዚያ 1974 መጣ። ደርግ ሥልጣን ያዘ፤ ሰዓት እላፊ ታወጀ። የምሽት ሙዚቃ የሚኖረው በምሽት ነውና፣ ምሽቱ ሲዘጋ የሚሆነውን ገምቱ። ሆቴሎች እንግዶቻቸውን በር ዘግተው እስኪነጋ ያቆዩ ነበር፤ ሰው ሰዓት እላፊው ሲነሣ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ትንንሽ ክበቦች ግን ተዘጉ። አምሃ እሸቴ በ1975 ወደ አሜሪካ ሄደ። የሸክላ ኅትመት በ1978 ግድም አበቃ፤ ካሴት ቦታውን ያዘ። ግርማ በየነ በ1981 ከዋልያስ ባንድ ጋር ለትርዒት አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ። ብዙዎች ተሰደዱ። በየቀበሌውና በየፋብሪካው የኪነት ቡድን ተቋቁሞ መድረኩ የአብዮት መዝሙር ሆነ።

አለማየሁ አገሩ ቀረ። ልጅ እያለ አሜሪካ ልሂድ ብሎ ምጽዋ ድረስ የጠፋው ሰው፣ ብዙ ጓደኞቹ አሜሪካ ሲገቡ እዚሁ አዲስ አበባ ሆኖ መዝፈኑን ቀጠለ። የተሰደዱትን አልወቅስም፤ ምክንያታቸው የታወቀ ነው። ግን በእነዚያ ዓመታት ድምፁን ይዞ እዚህ መቆየት ራሱን የቻለ ሥራ ነበር። የሙዚቃ ታሪካችን ሲጻፍ ስለ ወርቃማው ዘመን ብዙ ይባላል፤ ከዚያ በኋላ ስለቆዩት ዓመታት ጥቂት ብቻ። አንድ ድምፃዊ የሚፈተነው አዳራሹ ሲሞላ ይመስላችኋል? እኔ ሲጎድል ነው እላለሁ።

ካሴት ደግሞ ሌላ መንገድ ነበረው። ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ዘይትና ወደ ወደብ የሚወርደው መንገድ በመካከላችን ያልፋል። ዘፈን በከባድ መኪናና በአውቶቡስ ውስጥ በዚህ መንገድ ይጓዝ ነበር፤ ሸክላ ማጫወቻ ያልነበረው ሰው በቴፕ ሰማ። የድሮዎቹን ዘፈኖች ከሸክላ ወደ ካሴት እየገለበጠ ያቆየልን ይህ ልማድ ነው፤ ጥራቱ እየወረደ ቢሄድም።

(መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

ውጭው ዓለም አለማየሁን ያወቀው ዘግይቶ ነው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ የድሮ ሸክላዎቻችንን እያሰባሰበ «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በተከታታይ ሲዲ አወጣ። ዘጠነኛውና ሃያ ሁለተኛው ሲዲ ሙሉ በሙሉ የአለማየሁ ናቸው። ከሠላሳ ዓመት በፊት ህንድ አገር ታትሞ ፒያሳ የተሸጠ ዘፈን ፓሪስና ኒውዮርክ ተሸጠ።

በ2008 አለማየሁ ከድምፃዊ ማህሙድ አህመድ ጋር አሜሪካ ሄደ። ያጀባቸው አይዘር ኦርኬስትራ የተባለ የቦስተን ባንድ ነው፤ አሜሪካውያን ሙዚቀኞች የእኛን ቅንብር ኖታ በኖታ አጥንተው መጡ። በኒውዮርክ ሊንከን ሴንተር ግቢ ውስጥ በአደባባይ ዘፈኑ። ነገሩ እንዴት እንደተገለበጠ አስተውሉ። በ1950ዎቹ አንድ የአዲስ አበባ ልጅ የአሜሪካን ዘፈን በጆሮው ያጠና ነበር፤ ከሃምሳ ዓመት በኋላ አሜሪካውያን የእሱን ያጠናሉ። እንግሊዝኛውን አልጠየቁትም። የፈለጉት አማርኛውን ነው።

ግርማ በየነም እንዲሁ ከረጅም ዝምታ በኋላ ወደ መድረክ ተመልሶ በ2017 አካለ ውቤ ከሚባል የፈረንሳይ ባንድ ጋር አዲስ አልበም አወጣ። ታሪኩ ራሱን የቻለ ዝግጅት ይፈልጋል፤ በሚቀጥለው ሳምንት እሱን ይዘን እንቀርባለን።

ሮኩስ ከአለማየሁ በኋላ ምን ሆነ? አልሞተም። በ2012 ጃኖ ባንድ «ኤርታሌ» የተባለውን አልበም አወጣ፤ በፕሮዲውሰርነት የሠራው አሜሪካዊው ባሲስት ቢል ላዝዌል ነው። ከበድ ያለ የኤሌክትሪክ ጊታር፣ ሁለት ሴትና ሁለት ወንድ ድምፃውያን፣ ከሥር የአገራችን ቅኝት። በ2018 ደግሞ «ለራስህ ነው» የሚል ሁለተኛ አልበም አስከተሉ። ድምፃቸው ከአለማየሁ የተለየ ነው፤ ዘመኑም የተለየ ነው። የሄዱበት መንገድ ግን እሱ የጠረገው ነው፦ መሣሪያው ከየትም ይምጣ፣ ዜማውና ቃሉ ከቤት። አንዳንድ ሰው የጃኖን ጊታር ሰምቶ «ይህ የእኛ አይደለም» ሲል እሰማለሁ። የአለማየሁን የመጀመሪያ ሸክላ የሰሙ አባቶችም ይህንኑ ብለው ነበር ብዬ አምናለሁ።

አለማየሁ እሸቴ ነሐሴ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፣ አዲስ አበባ ላይ በሰማንያ ዓመቱ አረፈ። የመጀመሪያውን ሸክላ ያሳተመለት አምሃ እሸቴም በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ነው ያረፈው። በጥቂት ወራት ልዩነት ሁለቱንም አጣናቸው።

ከመለያየታችን በፊት አንድ ልመና አለኝ። በአቃቂ ቃሊቲ በአንዳንድ ቤት፣ ከቁም ሳጥን ላይ ወይም ከአልጋ ሥር፣ የእነዚያ ዓመታት ሸክላ እንዳለ አልጠራጠርም። ስብርባሪ ነው ብላችሁ እንዳትጥሉት። ብዙዎቹ ዋና ቅጂዎች ጠፍተዋል፤ በየሰው ቤት ያለው ሸክላ ራሱ ዋናው የሆነበት ጊዜ አለ። ሸክላ በሙቀት ይጣመማል፤ ከመስኮት ፀሐይና ከምድጃ አርቁት። አጋድማችሁ አንዱን በአንዱ ላይ አትደራርቡት፤ እንደ መጽሐፍ በቁሙ ደርድሩት። ስትይዙት ጠርዙንና መሐሉን እንጂ የተቀረጸበትን ገጽ በጣት አትንኩ። አቧራውን በለስላሳ ደረቅ ጨርቅ፣ ክቡን ተከትላችሁ ጥረጉ። ማጫወቻችሁ መርፌው ካለቀ ሳትቀይሩት አታጫውቱ፤ ያረጀ መርፌ ሸክላውን ይቦረቡረዋል። ማጫወቻ ከሌላችሁም ሸክላው እንዳለ ይቀመጥ፤ ስያሜው ላይ ያለውን ስምና ቁጥር ግን በስልካችሁ ፎቶ አንሡና ያዙ። የአያትና የአባት ሸክላ ያላችሁ ተማሪዎች ደግሞ ዛሬ ማታ ጠይቋቸው፤ ሸክላውን የት ገዙት፣ በስንት ብር፣ ማን ቤት ተሰባስበው ሰሙት። መልሱን ጻፉት።

አሁን «ተማር ልጄ»ን እንለቅላችኋለን። ቤዝ ጊታሩን መጀመሪያ። ደህና እደሩ።